ገዳዩ ሲዘፍን፦ የሲምፕሰንሶቹ «ኬፕ ፊር» እና የተዋሰው ሙዚቃ

ስለ አኒሜሽን ኮሜዲ በሚጻፍ ሂስ ውስጥ «በጠቀሳ የተሞላ» የሚለው አነጋገር እንደ ሙገሳ ይቆጠራል። እኔ ሙገሳነቱን እጠራጠራለሁ። ጠቀሳ መደርደር ከባድ ሥራ አይደለም። የታወቀ ፊልም ልብስ ለካርቱን ማልበስ፣ የታወቀ ዘፈን ግጥም መቀየር፣ የዝነኛን ስም ጣል ማድረግ ማንም የሚችለው ነው። የተጠቀሰውን የሚያውቅ ይስቃል፤ የማያውቅ ዝም ይላል፤ ሃያ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። የብዙ ኮሜዲዎች ዕጣ ይኸው ነው።

ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1993 በፎክስ ቴሌቪዥን የታየው የ«ዘ ሲምፕሰንስ» ክፍል፣ «ኬፕ ፊር» ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ጆን ቪቲ፣ ዳይሬክተሩ ሪች ሙር ናቸው። የተሠራው ለአራተኛው ሲዝን ሆኖ የታየው በአምስተኛው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ቡድን ከመበተኑ በፊት የሠራው የመጨረሻው ክፍልም እሱ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሌሎች ሥራዎች ስብስብ ነው ቢባል ስም ማጥፋት አይሆንም። ሆኖም ከተጠቀሱት ፊልሞች አንዱንም ያላየ ሰው፣ አዲስ አበባ ይደግ ዋሽንግተን፣ ይስቅበታል። ብዙዎቻችን ምንጩን ያወቅነው ከቀልዱ በኋላ ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ጠቀሳዎቹን ከሞት ያተረፋቸው የተዋሱት ሙዚቃ ነው፣ በተለይም የሚዘፍን ገዳይ የሚባለው አሮጌ ምስል ነው የሚል ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የቀልደኛው ክረስቲ የቀድሞ አጋዥ ሳይድሾው ቦብ ከእስር ቤት ሆኖ ለትንሹ ባርት በደም የተጻፉ የማስፈራሪያ ደብዳቤዎች ይልካል፤ ከዚያም በአመክሮ ይፈታል። ኤፍ.ቢ.አይ ቤተሰቡን «ቶምፕሰን» የሚል የሐሰት ስም ሰጥቶ ሐይቅ ላይ ባለች የጀልባ ቤት ያሰፍራል። ቦብ ከመኪናቸው ሥር ራሱን አስሮ ይከተላል። ሌሊት ጀልባዋን ከማሰሪያዋ ፈትቶ ለወንዙ ይለቃታል፤ ቤተሰቡንም አስሮ ልጁን መሸሻ ያሳጣዋል። ባርት ጀልባዋ ወደ ስፕሪንግፊልድ እየተንሳፈፈች መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ያያል፤ የመጨረሻ ልመናውም ቦብ በዚያ በሚያምር ድምፁ «ኤች.ኤም.ኤስ. ፒናፎር» የተባለውን ኦፔሬታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲዘፍንለት ነው። ቦብ እምቢ ማለት አይችልም። ዘፈኑ ሲያልቅ ጀልባዋ ከተማ ደርሳ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ያረፈችው ከአንድ ሴተኛ አዳሪ ቤት አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ፖሊሶቹ ሩቅ አይደሉም።

የዘር ሐረጉን መዘርዘር ግድ ነው። ጆን ዲ. ማክዶናልድ በ1957 «ዘ ኤክሲኪውሽነርስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ልብ ወለዱ በ1962 በጄ. ሊ ቶምፕሰን ዳይሬክተርነት «ኬፕ ፊር» የሚል ፊልም ሆነ፤ ሮበርት ሚቸም ከእስር የተፈታውን ማክስ ኬዲን፣ ግሪጎሪ ፔክ የሚያሳድደውን የሕግ ባለሙያ ተጫወቱ። በ1991 ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሙን እንደገና ሠራው፤ ኬዲን ሮበርት ዲ ኒሮ ተጫወተ። ስኮርሴዚ ሚቸምንና ፔክን በትንንሽ ሚና መልሶ ማምጣቱ ልብ ይባል። እሱም ራሱ የሚጠቅስ ሰው ነው። ሲምፕሰንሶች ከዚህ የ1991 ፊልም ሲኒማ ቤት ውስጥ ሲጋራ እያጨሱ ጮክ ብሎ መሳቅን፣ ንቅሳትን፣ ከመኪና ሥር መታሰርን፣ የጀልባ ቤትን ወሰዱ። በአጭሩ ቦብ የሚመስለው ዲ ኒሮን ነው።

ጣቶቹን ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የቦብ ጣቶች ላይ «ፍቅር» እና «ጥላቻ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ተነቅሰዋል። ይህ ከሁለቱም «ኬፕ ፊር» የመጣ አይደለም፤ ቻርልስ ላውተን በ1955 ከሠራው «ዘ ናይት ኦቭ ዘ ሀንተር» ነው፤ ባለ ንቅሳቱ ሐሰተኛ ሰባኪም ያው ሮበርት ሚቸም ነበር። የሲምፕሰንስ ገጸ ባሕርያት በአንድ እጅ አራት ጣት ብቻ ስላላቸው አውራ ጣት ሲቀነስ ቦታው ለሦስት ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ቦብም ቃላቱን አሳጥሮ ለመነቀስ ተገዷል። ስክሪኑ ላይ ለሰከንዶች ታይቶ የሚያልፍ ቀልድ ነው። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ የተዋሱት ከአንድ ፊልም ብቻ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ የወሰዱት ሚቸም የጀመረውን የገዳይ ዓይነት በሙሉ ነው።

ያ የገዳይ ዓይነት ይዘፍናል። በላውተን ፊልም ሰባኪው ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናትን እያሳደደ የሚዘምረው የታወቀ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ልጆቹ በትንሽ ጀልባ ወንዝ ይዘው ሲሸሹ እሱ ከዳር ሆኖ ይከተላል፤ ድምፁ ከፊቱ ቀድሞ ይሰማል። የፊልሙ ዝነኛ ትዕይንትም ሙዚቃዊ ነው፦ ሌሊት ከቤቱ ውጭ ሆኖ ሲዘምር፣ ልጆቹን የምትጠብቀው አሮጊት ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች በድምፅ ትቀበለዋለች፤ ጠላቶች አብረው አንድ መዝሙር ይዘምራሉ። በስኮርሴዚ ፊልም መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲ ኒሮ ከሚሰምጠው ጀልባ ጋር ታስሮ ወንዙ ሲውጠው የዮርዳኖስን ወንዝ መሻገር የሚያነሳ መዝሙር እየዘመረ ነው የሚሄደው። ልጆች፣ ጀልባ፣ ወንዝ፣ የሚዘፍን ገዳይ፦ ሦስቱንም ሥራዎች የሚያስተሳስረው ንድፍ ይህ ነው።

ስለዚህ የ«ፒናፎር» ትዕይንት ብዙ ተመልካች እንደሚያስበው ከሰማይ የወረደ ቅዠት አይደለም። ፓሮዲው ከምንጩ የራቀ በሚመስልበት ቦታ ላይ ነው ለምንጩ ይበልጥ የታመነው። የተለወጠው የዘፈኑ ሥራ ነው። ለሚቸምና ለዲ ኒሮ መዝሙር የጦር መሣሪያ ነው፤ ገዳዩ እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው እያለ ያስፈራራበታል። ለቦብ ግን ዘፈን ድክመት ነው። ጸሐፊዎቹ የሃይማኖቱን ትዕቢት አውጥተው የጥበብን ትዕቢት አስገቡበት፤ ሌላው ሁሉ በነበረበት ቆመ። የ«ሺህ ከአንድ ሌሊት»ን የሚያስታውስ አንባቢ መገልበጡን ያያል፦ እዚያ ሞት የተፈረደባት ተረት እየተረከች ጊዜ ትገዛለች፤ እዚህ ግን ጊዜውን ለሟቹ የሚገዛለት ራሱ ገዳዩ ነው፣ ያውም በራሱ ጉሮሮ።

ይህ የሚሠራው ቦብ ቀድሞውኑ ዘፋኝ ስለነበር ነው። በ1990 በታየው «ክረስቲ ጌትስ ባስትድ» ክረስቲን በሐሰት አሳስሮ የልጆቹን ፕሮግራም ሲወርስ የመጀመሪያ ሥራው ቀልዱን አስወጥቶ ንባብና ቁም ነገር ማስገባት ነበር፤ የኮል ፖርተርን ዘፈንም ዘፍኗል። ድምፁን የሚሰጠው ኬልሲ ግራመር መዝፈን የሚችል ተዋናይ ነው፤ «ኬፕ ፊር» ከመታየቱ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ በኤን.ቢ.ሲ «ፍሬዠር» ጀምሮ ነበር፤ እዚያም የሚጫወተው ኦፔራና ወይን የሚወድ ኩሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። የ1993 ተመልካች ቦብን ሲሰማ ያንን ሰው አብሮ ይሰማል። ዛሬ ይህ ድርብርብ ለብዙዎች ጠፍቷል፤ ድምፁ ግን በራሱ ይበቃል። ጸሐፊዎቹ ለመጨረሻው ትዕይንት መንገድ ማበጀታቸውንም መርሳት የለብንም፤ ቤተሰቡ ወደ ሐይቁ ሲነዳ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የኤፍ.ቢ.አይ የኦፔሬታ ቡድን የዘፈነው የ«ፒናፎር» ደራሲዎች የጊልበርትና የሰሊቫን ሥራዎች ስብስብ ነው፤ ሁሉም ከ«ዘ ሚካዶ» እየተቀበሉ ይዘፍናሉ። የመንግሥት ሰላዮች የኦፔሬታ ክበብ አላቸው የሚለው ቀልድ እንዳለ ሆኖ፣ የመዳኛው ዘር የተዘራው እዚህ ነው።

«ፒናፎር»ን መምረጣቸው ደግሞ ካሰቡትም በላይ የሰመረ ነው። ቦብ ዘፈኑን የሚዘፍነው እንደ ከፍተኛ ጥበብ ነው፤ እሱ የሠለጠነ፣ ባርት የቴሌቪዥን ልጅ። የኦፔሬታው ታሪክ ግን ይህን ኩራት አይደግፈውም። ደብልዩ. ኤስ. ጊልበርትና አርተር ሰሊቫን በሜይ 25 ቀን 1878 ለንደን ላይ ሲከፍቱት የሥራው ዓላማ ማሳቅ ነበር፤ የባሕር ኃይሉን ሹመትና የመደብ ኩራትን እያሾፈበት 571 ጊዜ ታየ። ወደ አሜሪካ ሲሻገር ደግሞ የውጭ ደራሲን የሚጠብቅ የቅጂ መብት ስላልነበረ እያንዳንዱ ቡድን ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ሠራው። ዜማዎቹ ከከተማ ከተማ ተዛመቱ። ሁለቱ ደራሲዎች በዚህ ተቃጥለው ቀጣዩን ሥራቸውን፣ «ዘ ፓይሬትስ ኦቭ ፔንዛንስ»ን፣ በ1879 የመጨረሻ ቀን ኒው ዮርክ ላይ ራሳቸው እስከ መክፈት ደርሰዋል። ይኸውም ቦብ ከፖፕ ባህል በላይ የሚያደርገው መስሎት የሚዘፍነው የዘመኑ ዋና ፖፕ ነበር፤ ያውም በቅጂ የተስፋፋ። የአንድ ሌላ ሰው ፊልም እየቀዳ የሚስቅ የካርቱን ክፍል ከዚህ የተሻለ ቅድመ አያት ሊያገኝ አይችልም። የመጨረሻው ዘፈን እንግሊዛዊ ሆኖ በመወለድ የሚኩራራ መሆኑ፣ ዘፋኙ ደግሞ አሜሪካዊ ወንበዴ መሆኑ፣ ጊልበርትን ራሱን የሚያስቀው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ማጀቢያው። የ1962ቱን ፊልም ሙዚቃ የደረሰው በርናርድ ኸርማን ነው፦ የ«ሳይኮ»፣ የ«ሲቲዝን ኬን» ደራሲ። ወደ ታች የሚወርዱ አራት ከባድ ኖታዎች በነሐስ መሣሪያዎች፤ ከሥራቸው የሚተራመሱ የክር መሣሪያዎች። ኸርማን በ1975 የስኮርሴዚን «ታክሲ ድራይቨር» ቀርጾ እንዳበቃ አረፈ፤ ስኮርሴዚ በ1991 አዲስ ሙዚቃ ከማሠራት ይልቅ የሟቹን ሥራ ኤልመር በርንስታይን እንዲያስተካክለው አደረገ። ማለትም ማጀቢያው ወደ ካርቱኑ ሲደርስ አንድ ጊዜ ውርስ ሆኖ ያለፈ ነው። ክፍሉ ቦብን «ቤትስ ሞቴል» ሲያሳድረው ጠቀሳው የሂችኮክን «ሳይኮ» ነው፤ ጆሮ ላለው ግን ክሩ አንድ ነው፣ የሁለቱም ድምፅ የኸርማን ነው።

የሲምፕሰንስን ማጀቢያ ከ1990 እስከ 2017 የያዘው አልፍ ክላውሰን ነበር። ከዚያ በፊት «ሙንላይቲንግ» በተባለው ተከታታይ ላይ የሠራ ሰው ነው። የዳኒ ኤልፍማን መክፈቻ ዜማ ዓለም የሚያውቀው ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ታሪኩን የሚሸከመው የክላውሰን በኦርኬስትራ የሚቀረጽ ሙዚቃ ነበር። የእሱ መርሕ ቀልዱን በሙዚቃ አለመቀለድ ነው፤ ሙዚቃው የገጸ ባሕርዩን ስሜት በቁም ነገር ይከተላል፣ አስቂኝ መሆን የሥዕሉና የንግግሩ ሥራ ነው። በ«ኬፕ ፊር» ይህ መርሕ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የኸርማን ነሐሶች ሲገቡ አንዳች ማለዘቢያ የላቸውም፤ አስፈሪ ናቸው፤ ስለዚህ የቦብ ረጅም ጫማና የዘንባባ ፀጉር ይበልጥ ያስቃሉ። ሙዚቃው አብሮ ቢያሽሟጥጥ ኖሮ ሁለቱም ይረክሱ ነበር። ክላውሰን ለዚህ ሥራ በ1994 ለኤሚ ሽልማት መታጨቱ ተገቢ ነው፤ የሚያስገርመው ዘርፉ የድራማ ማጀቢያ መሆኑ ነው፣ እኔ ግን ትክክለኛ ዘርፉ ነው እላለሁ።

ውጤቱ ከክፍሉ አልፎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቦብ ሲመጣ እነዚያ አራት ኖታዎች ፊቱ ከመታየቱ በፊት ይሰማሉ። የማክስ ኬዲ መለያ ዜማ የሳይድሾው ቦብ ሆኗል፤ የ1962ቱን ፊልም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ወጣት ሚቸምን ሲያይ «የቦብ ሙዚቃ» ብሎ ቢደነቅ ጥፋተኛ አይባልም። ጠቀሳ ሲሳካ የባለቤትነት ወረቀቱ ይቀየራል።

ለክርክሬ የሚያስቸግር የሚመስል አንድ ትዕይንት አለ። ቦብ ከመኪናው ሥር ሲወጣ መሬት ላይ የተበተኑ ባለ ጥርስ የቅጠል መሰብሰቢያዎችን ይረግጣል፤ እጀታቸው እየተነሳ ፊቱን ይመታዋል፤ እሱም በምሬት ይንቀጠቀጣል፤ ዞር ሲል ሌላ ይረግጣል። ዘጠኝ ጊዜ። የክፍሉ ዝነኛ ቀልድ ይህ ነው፣ ምንም የተለየ ፊልም አይጠቅስም፤ እጀታ ረግጦ መመታት የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ቀልድ ነው። የተራዘመውም ክፍሉ ለአየር ሰዓቱ ስላጠረ እንደሆነ ሠሪዎቹ ተናግረዋል። ነገር ግን ዓይንን ጨፍኖ መስማት ይበቃል። እርምጃ፣ ምት፣ ማጉረምረም፤ እርምጃ፣ ምት፣ ማጉረምረም። አራተኛው ላይ ይሰለቻል፤ ሰባተኛው ላይ ሳቁ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የከበሮ ሥራ ነው። ድግግሞሹ በራሱ አዝማች ስለሆነ የዕውቀት መግቢያ አይጠይቅም። እንዲያውም የኦፔሬታው ትዕይንትና ይህ ትዕይንት በአንድ ዘዴ የተሠሩ ናቸው፦ ጊዜን መሙላት የራሱ ቀልድ ሆነ።

በተቃራኒው ዜማ ያልተሸከማቸው ጠቀሳዎች ደርቀዋል። ክፍሉ መግቢያው ላይ በማክቤን ሚና የሚታወቀውን የፊልም ጀግና ሬይኒየር ዎልፍካስልን የማታ የውይይት ፕሮግራም አቅራቢ አድርጎ ያሳያል። በ1993 መጸው ይህ ትኩስ ነገር ነበር፤ የማታ ፕሮግራም አቅራቢው ዴቪድ ሌተርማን ወደ ሲ.ቢ.ኤስ ተሻግሯል፣ ቼቪ ቼዝ የራሱን በዚያው በፎክስ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ሊዘጋበት ነው፣ የሲምፕሰንስ ጸሐፊ የነበረው ኮናን ኦብራየንም ቢሮውን ጥሎ በሴፕቴምበር የራሱን የማታ ፕሮግራም ከፍቷል። ዛሬ ትዕይንቱ አያስቅም ባልልም የሚያስቀው በሌላ ምክንያት ነው። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የሚታየው የ«ኧርነስት» ፊልም ፌዝም እንዲሁ፤ የዚያ ዘመን ርካሽ ኮሜዲ የማያስታውስ ሰው የሚስቀው የባርት አባት ሆመር በሲጋራና በሳቅ ቦብን ራሱን ሲበልጠው ነው።

የዚህን ክፍል ዕድሜ ከሁሉ በላይ የመረመረችው ሃያሲ አይደለችም፤ የተውኔት ደራሲዋ አን ዋሽበርን ናት። «ሚስተር በርንስ» የተባለው ተውኔቷ በ2012 ዋሽንግተን ውስጥ ዉሊ ማሞዝ ቲያትር ታይቶ በ2013 ኒው ዮርክ ገባ፤ ሙዚቃው የማይክል ፍሪድማን ነው። የመጀመሪያው ገቢር የሚጀምረው የኤሌክትሪክ ኃይል ዓለም ላይ ከጠፋና የኒውክሌር ጣቢያዎች ከፈነዱ በኋላ ነው። ከሞት የተረፉ ሰዎች እሳት ዙሪያ ተቀምጠው «ኬፕ ፊር»ን ለማስታወስ ይሞክራሉ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ይሞላል። ዋሽበርን ይህን ከራሷ አልፈጠረችውም፤ ተዋንያንን ሰብስባ ክፍሉን ከትዝታ እንዲተርኩ አድርጋ የቀረጸችው ንግግር የገቢሩ መነሻ ሆኗል። በሁለተኛው ገቢር፣ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ተራኪዎቹ ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን ሆነዋል፤ የተረሱ መስመሮችን ከሰዎች ይገዛሉ፤ ዘፈኖችንም ይደባልቃሉ። ሦስተኛው ገቢር 75 ዓመት ወደፊት ሄዶ በዘፈን የሚተረክ ክቡር ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው ገቢር ለኔ ከሚገባው በላይ ይከብዳል፤ የቦብን ቀልድ ከነሥሩ ነቅሎ የሐዘን ሥርዓት ያደርገዋል። ግን የዋሽበርን ምርጫ ጥርት ያለ ንባብ ነው። በእሷ ዓለም ከ75 ዓመት በኋላ ቦብ ራሱ ጠፍቷል፤ ልጁን ጀልባ ላይ የሚገጥመው የኒውክሌር ጣቢያው ባለቤት ሚስተር በርንስ ነው፣ ዓለምን ያጠፋው ኃይል መልኩን ሰጥቶታልና። ሚቸም የለም፣ ዲ ኒሮ የለም፣ የማክዶናልድ ልብ ወለድ ስሙም አይነሳም። የቀሩት ወንዙ፣ ጀልባዋ፣ ልጁና ገዳዩ የሚዘፍነው ዘፈን ናቸው። ከሰሊቫን ኦፔሬታ የተረፈው ቁራጭና የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሬዲዮ ዘፈኖች በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የትኛው ከፍተኛ ጥበብ የትኛው ፖፕ እንደሆነ የሚያስታውስ አንድም ሰው መድረኩ ላይ የለም።